ሰው የሌለበት ሥዕል አይታችሁ ለምታልፉ

ልጆች፣ «ሥዕል አይገባኝም» የምትሉት ነገር አይዋጥልኝም። እኔም ሠዓሊ አይደለሁም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት የሕንፃ ንድፍ ሳወጣ ነው። ቢሮ አዲስ የሚቀጠሩ ልጆች ከጠረጴዛዬ በላይ የሰቀልኩትን ሥዕል ቀና ብለው ያዩና «ጋሼ፣ ሰው እንኳ የለበትም፤ ምኑ ነው የሚታየው?» ይሉኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ከእኔ መጠበቃቸው ነው የማይገባኝ፤ ሥዕሉ ፊታቸው ተሰቅሎ የለ እንዴ!

ሥዕሉ ኤድዋርድ ሆፐር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1930 የሣለው «የእሁድ ማለዳ» ነው። ዋናው ያለው ኒውዮርክ፣ ዊትኒ ሙዚየም ነው፤ ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ከዳር እስከ ዳር ረጅም ባለ አንድ ፎቅ ቀይ የጡብ ቤት። ታች ሱቆች፣ ላይ መኖሪያ። ሱቆቹ አልተከፈቱም። ደጃፉ ላይ ፀጉር ቤቶች የሚያቆሙት ባለ መስመር ምሰሶ አለ፣ ትንሽ ዘመም ብሏል። ከእሱ በስተግራ አጭር የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ ቆማለች። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከቀኝ ገብታለች፣ ጥላው መሬት ላይ ተጋድሟል። በቃ። መኪና የለም፣ ውሻ የለም፣ መንገድ ጠራጊ እንኳ አልወጣም።

አሁን ረጋ በሉና የፎቁን መስኮቶች ተራ በተራ እዩ። መስኮቶቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ መጋረጃቸው ግን አይመሳሰልም። አንዱ ግማሽ ድረስ ወርዷል፣ አንዱ ወደ ላይ ተሰብስቧል፣ አንዱ ጋ ጨለማ ነው። የለም ያላችሁት ሰው ይኸው። ማን አምሽቶ እንደገባ፣ ማን ቀድሞ እንደተነሣ እያሰባችሁ ትቆያላችሁ። የሚገርማችሁ፣ ሆፐር መጀመሪያ ከመስኮቶቹ በአንዱ ሰው ሥሎ ነበር፤ በኋላ ቀለም ደርቦ አጠፋው። እንኳንም አጠፋው! ሰውዬው ቢቀር ኖሮ ዓይናችሁ ቀጥ ብሎ እሱ ላይ ይተከልና መጋረጃውንም ጡቡንም ሳታዩ ትሄዱ ነበር። የሱቆቹን ማስታወቂያም ለማንበብ ሞክሩ፤ አይነበብም። ፊደል ይመስላል እንጂ ፊደል አይደለም።

እኔን በሙያዬ የያዘኝ ግን ጥላው ነው። ሆፐር ይሄ ሥዕል ሰባተኛ አቬኑን ከሞላ ጎደል እንዳለ የቀዳሁበት ነው ብሎ ነበር። ሰባተኛ አቬኑ ደግሞ ማንሃተን ውስጥ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄድ መንገድ ነው፤ የማለዳ ፀሐይ ከምሥራቅ ከመጣች ጥላ መንገዱን አቋርጦ ይወድቃል እንጂ እንዲህ መንገዱን ተከትሎ አይጋደምም። ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደምትገባ ሲያሰላ የኖረ ሰው ይሄን አይቶ ዝም አይልም። ሰውዬው አቅጣጫ ጠፍቶት ነው እንዳትሉ፣ ከ1913 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ የኖረው እዚያው አካባቢ፣ ዋሽንግተን ስኩዌር ነው። ጥላው እንዲጋደም ስለፈለገ አጋደመው። «እንዳለ ቀዳሁት» ያለው ሰው ሰውን አጠፋ፣ ጽሑፉን አደበዘዘ፣ ፀሐይዋን አዞረ። እኔ ሥዕል ሳይ የምፈልገው ይሄንን ነው፦ ምን ጣለ፣ ምን አስቀረ፣ ምን አዛወረ።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ሥዕሉ የሙዚየሙ ድረ ገጽ ላይ አለ፤ በስልክ ሳይሆን በትልቅ ስክሪን ክፈቱት። ውሃ መቅጃዋን በጣታችሁ ሸፍኑና ግራው በኩል ምን እንደሚሆን እዩ። ቀጥሎ በቀኝ በኩል፣ ከጣሪያው በላይ፣ ጥጉ ላይ ጠቆር ያለች አራት ማዕዘን አለች። እሷን ስትሸፍኑ ቦታው የሆነች ትንሽ የገጠር ከተማ ይመስላል። ስትገልጧት ከኋላ የሆነ ረጅም ሕንፃ የቆመ ይመስላችኋል። 1930 ኢምፓየር ስቴት የሚባለው የኒውዮርክ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ እየተገነባ የነበረበት ዓመት ነው፣ እና ባለ አንድ ፎቅ ቤት አጠገብ እንዲህ ያለ ጥቁር ነገር ብቅ ሲል ምን ማለት እንደሆነ የፒያሳ ልጅ ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

ሳታዩት በፊት ስለ ሥዕሉ የተጻፈውን አታንብቡ። ብቸኝነት ነው፣ የኢኮኖሚ ድቀት ነው የሚል ሞልቷል። ሆፐር ራሱ የብቸኝነቱ ነገር ተጋኗል ይል ነበር። ርዕሱንም ብዙ አትመኑት፤ «እሁድ» የምትለዋን ሌላ ሰው ነው የጨመራት ብሏል። ማክሰኞ ሊሆን ይችላል እኮ!

ከመካከላችሁ የምትሥሉ ካላችሁ ይቺን ስሙኝ፦ ሆፐር በ1913 አንድ የዘይት ቀለም ሥዕል ሸጦ ቀጣዩን እስኪሸጥ አሥር ዓመት ያህል ጠብቋል። በዚያ መሀል እንጀራው ለመጽሔቶች መሣል ነበር፣ ሥራውንም አይወደውም ነበር።

የለም፣ ሰው ከሌለበት አይሆንልንም ካላችሁ ደግሞ ቺካጎ አርት ኢንስቲትዩት ያለውን፣ ሆፐር በ1942 የሣለውን የሌሊት ምግብ ቤት ሥዕል (Nighthawks ይባላል) ፈልጋችሁ እዩ። አራት ሰዎች አሉላችሁ። እኔ ግን የሙያ ነገር ሆኖብኝ እዚያም የማየው ከመስታወቱ ማዶ፣ ከመንገዱ ባሻገር ያለውን ቀይ ቤት ነው።