ሶላሩን ከመግዛትዎ በፊት የምጣዱን ሆድ ይክፈቱት

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ ለሆቴሎችና ለሱቆች እንጀራ የምናቀርብ ትንሽ ድርጅት ነን። አራት የኤሌክትሪክ ምጣድ አለን። መብራት ሲጠፋ ጓሮ ባለው ጭስ ቤት በእንጨት እንጋግራለን። አካባቢን የማይጎዳ አሠራር መያዝ እንፈልጋለን፤ የመብራት ሒሳቡም አላስቀመጠንም። ምጣዶቹ እስኪግሉ ግማሽ ሰዓት ይፈጃሉ። ሶላር እናስገባ?»

እህቴ፣ ሶላሩ ይቆይ። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይበላል። ባለ 550 ዋት ፓነል ቢገዙ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና እንኳ ለአንዱ ምጣድ ብቻ ሰባት ያስፈልግዎታል። ለአራቱ ጣሪያውም ኪሱም አይችለውም። ደግሞ የአገራችን መብራት አብዛኛው ከውሃ ነው የሚመጣው። የእርስዎ ጭስ ያለው ጓሮው ውስጥ ነው።

እኔን የከነከነኝ ያ ግማሽ ሰዓት ነው። ጤነኛ ምጣድ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ሙቀቱ የሚሾልክበት ቦታ አለ ማለት ነው።

መጋገር ከተጀመረ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እጅዎን ወደ ምጣዱ ሥር ጠጋ ያድርጉ። ቆርቆሮውን እንዳይነኩት። ወላፈኑ እጅዎን ካባረረው፣ የሚከፍሉበት ሙቀት ሊጡን ትቶ ወለሉን እያሞቀ ነው። በቀደም አንዱን ስከፍት ከሸክላው ሥር ያገኘሁት ባዶ ቦታና ያረረ ካርቶን ነው። የሠራውን ሰው ስም ልተወው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ብሬከሩን ያጥፉ፣ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ምጣዱ እስኪበርድ ይጠብቁ። ከዚያ ኤሌክትሪሺያኑ ሸክላውን ያንሳው። ሽቦው የተቀበረበት ጄሶ ተሰንጥቆ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይጠገን። ከሥር ያለው ባዶ ቦታ ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል በደረቀና በተነፋ አመድ ይሞላ። አመድ አይቃጠልም፣ ሙቀትም አያሳልፍም፤ እናቶቻችን ፍም በአመድ ዳፍነው የሚያሳድሩት ለዚሁ ነው። ግን አደራ፣ እርጥብ አመድ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በደንብ ይድረቅ፣ የሽቦው ጫፎች ጋ አይድረስ፣ ቆርቆሮው ደግሞ ኧርዝ፣ ማለትም የሾለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ፣ ይኑረው። ኧርዝ ከሌለ ሥራውን አያስጀምሩት።

ሌላው የምጠረጥረው ገመዱን ነው። አራቱም ምጣዶች አንድ ፌዝ (አንድ የመብራት መስመር) ላይ ከተደረደሩ ከ60 አምፔር በላይ ይሄዳል። 220 ቮልት የነበረው ምጣዱ ጋ ሲደርስ 190 ከሆነ፣ ጉልበቱ በሩብ ገደማ ወረደ ማለት ነው። «ታዲያ ሒሳቡም ይቀንሳላ!» እንዳይሉኝ። ምጣዱ ቀስ እያለ በጋለ ቁጥር የሚያመልጠው ሙቀት ይበዛል፣ ጋጋሪዎቹም ቆመው ይጠብቃሉ። የጠቆረ ሶኬት ካዩ ዛሬውኑ ያስቀይሩ። ለእያንዳንዱ ምጣድ የራሱ ብሬከርና ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ይዘርጋ። ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ካለዎት ደግሞ ጭነቱ ይከፋፈል።

ለጓሮው ከሦስት ጉልቻ ወደ ምርጥ ምድጃ ይዙሩ። ከሲሚንቶና ከፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የሚሠራው ማለቴ ነው። እሳቱን ስለሚከልል ከጉልቻው ጋር ሲወዳደር የእንጨቱን ግማሽ ያህል ያስቀራል። ጭስ ማውጫም ያስገጥሙለት፤ የጋጋሪዎቹ ዓይን ይረፍ።

አራቱንም ምጣድ በአንድ ጊዜ አያብሩ። ጋጋሪዋ አንዱን አስሳ ወደ ሌላው እስክትደርስ ባዶውን የሚግል ምጣድ የሚባክን ገንዘብ ነው። በአምስት አምስት ደቂቃ ልዩነት ያብሩ። ሊያበቁ ሁለት እንጀራ ሲቀር ያጥፉት፤ ሸክላው በያዘው ሙቀት ይጨርሰዋል።

ይህን ሁሉ ከመጀመርዎ በፊት ግን አንድ ቀን ቆጣሪውን ጠዋትና ማታ ያንብቡ። ልዩነቱን ለወጣው እንጀራ ብዛት ያካፍሉ። ቁጥሩን ግድግዳው ላይ ይጻፉት፣ ከጥገናው በኋላ ይድገሙት። ካልወረደ የተከፈተውን ምጣድ ፎቶ ይላኩልኝ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ።