መልስ፦ የሳንታ ባርባራ ቀይ ጣሪያዎች ከስፔን ዘመን የቀሩ ናቸው?

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት በምትገኘው ሳንታ ባርባራ ከተማ የሚታዩት ነጭ ግድግዳዎችና ቀይ የሸክላ ጣሪያዎች ከስፔን ዘመን የተረፉ መሆናቸውን ጠይቀዋል። አብዛኞቹ አይደሉም። እርግጥ ስፔኖች በነባሩ የቹማሽ ሕዝብ ምድር ላይ እ.ኤ.አ. በ1782 የጦር ሰፈር፣ በ1786 ደግሞ ሚሲዮን (የካቶሊክ እምነት ማስፋፊያ ጣቢያ) መሥርተዋል። ከተማዋ በአሜሪካ እጅ ከገባች በኋላ ግን ዋናው ጎዳና በጊዜው በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች በተለመዱት የጡብና የእንጨት ሕንፃዎች ተሞላ።

መልኳን የለወጠው እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 1925 ማለዳ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። የሸፊልድ ግድብ ተደረመሰ፤ የንግድ ማዕከሉም ክፉኛ ተጎዳ። እንደ ፐርል ቼስ ያሉ ብርቱ ነዋሪዎች ቀድሞውንም የስፔንን የአሠራር ስልት ይደግፉ ነበርና ከተማዋ እንደገና ስትገነባ ይህን ስልት እንድትከተል የግንባታ ዕቅዶች በገምጋሚ ቦርድ እንዲታዩ ተደረገ። በ1929 የተጠናቀቀው የፍርድ ቤት ሕንፃ የዚያ ጥረት ምርጥ ውጤት ይመስለኛል፤ ከሄዱ ማማው ላይ ይውጡ።