ለገበሬ ከለላ መሆን ለምትፈልጉ ልጆቼ

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። በሕግ ወይም በሶሻል ወርክ ተመርቃችኋል። ታጣቂ የሚያሳድደውን ገበሬ መርዳት ትፈልጋላችሁ። እዚህ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ቢሮ ያለው ኤንጂኦ ማስታወቂያ አውጥቷል። «ምን ይዘን እንሂድ?» ትሉኛላችሁ። ሲቪያችሁን አይቻለሁ፣ ምንም አይወጣለትም። እኔ የምነግራችሁ ሲቪ ላይ የማይሰፍረውን ነው።

መጀመሪያ፣ ሰው ልታድኑ የምትሄዱ እንዳይመስላችሁ። አንዲት ላንድክሩዘርና ደብተር የያዘ ልጅ ክላሽ አያስቆሙም። ገበሬው እናንተ ከመምጣታችሁ በፊትም ራሱን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። የትኛው መንገድ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚያሰጋ ያውቃል። ከብቱን መቼ እንደሚያሸሽ፣ ልጆቹን የትኛው ዘመድ ቤት እንደሚያሳድር ያውቃል። የእናንተ ሥራ እሱ የጀመረውን ማገዝ ነው። በየስልጠናው «ለማኅበረሰቡ ግንዛቤ መፍጠር» ሲባል ስሰማ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ግንዛቤ የጎደለው ብዙ ጊዜ ከከተማ የሄደው ነው።

ይህን ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ የሩቅ አገር ገበሬ ነው። ኮሎምቢያ ውስጥ ኡራባ የሚባል ሙዝ አብቃይ አካባቢ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የመንግሥት ጦር፣ ሽምቅ ተዋጊና ፓራሚሊታሪ የሚባሉት ታጣቂዎች ይፈራረቁበት ነበር። ፓራሚሊታሪዎቹ በወረቀት ላይ ከጦሩ ውጭ ናቸው። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ አብረውት ይሠሩ ነበር። ገበሬው ለአንዱ ውኃ ቢሰጥ በሌላው ይገደላል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 ቀን 1997 የሳን ሆሴ ዴ አፓርታዶ ገበሬዎች ተሰብስበው «እኛ የሰላም ማኅበረሰብ ነን» አሉ። ሕግም አወጡ። መሣሪያ አንይዝም። ለማንም ታጣቂ መረጃ አንሰጥም። ሥራውን በጋራ እንሠራለን። ይህንን በሰሌዳ ጽፈው መግቢያቸው ላይ ተከሉት።

እኔን የሚገርመኝ መረጃ አለመስጠት የሚለው ነው። ቀላል ይመስላል። ግን አስቡት። ጠመንጃ የያዘ ሰው በራችሁ ላይ ቆሞ «ትናንት በዚህ ማን አለፈ?» ይላችኋል። ለብቻችሁ «አልናገርም» ብትሉ ጠላት ሆናችሁ። «ማኅበሩ ከልክሎናል፣ ለእነዚያም አንናገርም» ስትሉ ግን እንቢታው የእናንተ ብቻ መሆኑ ይቀራል። እኛ ወሎዎች ይህን ከቅሬ፣ ሌላው እድር ከሚለው ማኅበራችን፣ እናውቀዋለን። ሰውየው በራሱ አፍ እንቢ ማለት ሲያቅተው «የቅሬው ሕግ ነው» ይላል፣ ጠያቂውም ይተወዋል። ስለዚህ አንድ ቀበሌ ስትደርሱ አዲስ ኮሚቴ ለማቋቋም አትጣደፉ። ያለውን ጠይቁ። ቅሬውን የሚመራው ማን ነው? ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚሰማቸው ሽማግሌዎች እነማን ናቸው? ሴቶቹ የት ነው የሚሰባሰቡት?

ታዲያ ሰሌዳው ጥይት መለሰ ወይ? አልመለሰም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2005 የማኅበረሰቡን መሪ ሉዊስ ኤድዋርዶ ጌራን ጨምሮ ስምንት ሰው ተገደለ። ከነሱ ውስጥ ሕፃናት ነበሩ። መንግሥት መጀመሪያ ጣቱን ወደ ሽምቅ ተዋጊዎቹ ቀሰረ። ኋላ ላይ ግን ወታደሮችና ፓራሚሊታሪዎች አብረው እንደነበሩ ተረጋገጠ፣ አንድ የጦር ሻምበልም ራሱ አመነ። እ.ኤ.አ. በ2013 ፕሬዚዳንት ሳንቶስ በማኅበረሰቡ ላይ ለተለጠፈው «የሽምቅ ተዋጊ ደጋፊ ናችሁ» የሚል ክስ ይቅርታ ጠየቁ። እውነቱ እንዲህ ተቀብሮ ያልቀረው ሰዎቹ ስም፣ ቀንና ቦታ ሳይታክቱ ስለመዘገቡ ጭምር ነው። ሃቪየር ጂራልዶ የሚባሉ የኢየሱሳውያን ቄስ ዓመታት ሙሉ በዚህ ሥራ አብረዋቸው ነበሩ።

ከውጭም አጋር ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የሰላም ብርጌዶች የሚባል ድርጅት ከ1994 ጀምሮ ኮሎምቢያ ውስጥ ይሠራል። በጎ ፈቃደኞቹ መሣሪያ የላቸውም። ተደብቀውም አይሄዱም። ማን፣ የት፣ መቼ እንደሚሄድ ለጦሩና ለባለሥልጣናቱ አስቀድመው ያሳውቃሉ። አንድ ነገር ቢፈጠር ለሚኒስቴሩም ለኤምባሲውም ስልክ ይደወላል። ገዳዩን የሚያስቆመው የበጎ ፈቃደኛው ቲሸርት አይደለም። ከበላዩ ያለው ሰው «ይህ ነገር ጣጣ ያመጣብኛል» ብሎ ማሰቡ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ይህ ዘዴ የሚሠራው አዛዡ የሚፈራው ነገር ሲኖር ብቻ ነው። የሚጠየቅበት አለቃ፣ የሚሳሳለት ስም፣ የሚፈልገው ዕርዳታ ከሌለው የእናንተ እዚያ መገኘት ለገበሬው አንድ ተጨማሪ ጭንቀት ነው። የሚያበላችሁና የሚያሸሻችሁ እሱ ነዋ! ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። ይህ ታጣቂ የማንን ቃል ይሰማል? ማን ያበላዋል? ጥይቱን ከየት ያመጣል? አጥጋቢ መልስ ከሌለ ቅሩ። ፈሪ ቢሏችሁም ቅሩ።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ ሰው ሲፈናቀል መሬቱን ማን ያዘው? እዚያው ኡራባ አካባቢ፣ ኩርቫራዶ በሚባለው ወንዝ ዳር፣ የተባረሩት ገበሬዎች ማሳ ላይ የዘይት ዘንባባ ተተክሎ ተገኘ። ተመላሾቹ ቁራሽ መሬታቸውን አጥረው «ታጣቂ እዚህ አይገባም» የሚል ሰሌዳ ተከሉ። የሽብሩ ትርፍ ማሳው ላይ ነበር።

እኛም ጋ ሐይቅ አካባቢ፣ ጃሪና ሌሎች መጠለያዎች ውስጥ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች አሉ። አንዲት እናት ከመቀነቷ ውስጥ ፌስታል አወጡ። በፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል። ከዚያ ውስጥ ላብ ያወየበው የመሬት ደብተር። አልሰጡኝም፣ በእጃቸው እንደያዙ አሳዩኝ። ልክ ናቸው። እናንተም አትቀበሉ፣ ፎቶ ብቻ አንሱ፣ እያንዳንዱን ገጽ። ደብተሩ ለተቃጠለበት ደግሞ አዋሳኞቹን ጠይቁት። በሰሜን ማን፣ በደቡብ ማን፣ በምሥራቅ መንገድ ነው ወይስ ወንዝ። የልጁን የልደት ቀን የማያስታውስ ሰው አዋሳኙን ሳያመነታ ይነግራችኋል። ጎረቤቶቹ በሕይወት እያሉ ጻፉት፣ እነሱንም ካገኛችሁ ቃላቸውን ተቀበሉ።

ስለ ስም ዝርዝር ግን እለምናችኋለሁ። አንድ መጠለያ ውስጥ፣ የቱ እንደሆነ ልተወው፣ የዕርዳታ ተቀባዮች ስም ከነመጡበት ቀበሌ በር ላይ ተለጥፎ አየሁ። ወረፋ ለማቅለል ነው ተባለ። ሰው ለማጥፋት ለሚያሳድድ ከዚህ የበለጠ ምን ይገኛል? ጠዋት ላይ አንዱ መስመር በጥፍር ተፍቆ ነበር። ማን እንደፋቀው አልጠየቅንም። ወረቀቱን አነሳነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ቢሮዎች እንደተዘረፉ ታስታውሳላችሁ። ኮምፒውተር ሲሄድ በውስጡ ያለው የሰው ስም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ስምና ታሪክ አንድ ፋይል ላይ አይቀመጥ። በኮድ መዝግቡ፣ የኮዱ መፍቻ ሌላ ቦታ ይሁን። የሰው ፊት ቴሌግራም ላይ አትልቀቁ፣ ቢፈቅድላችሁም። በራብ ላይ ያለ ሰው ምን ብሎ ይከለክላችኋል?

ሕጉን እወቁት። ስለ አገር ውስጥ ጦርነት የሚደነግገው የጄኔቫ ስምምነቶች ሁለተኛው ተጨማሪ ፕሮቶኮል በአንቀጽ 13 ሲቪሎችን የጥቃት ዒላማ ማድረግን ይከለክላል፣ በአንቀጽ 17 ደግሞ በግዳጅ ማፈናቀልን። የአፍሪካ የተፈናቃዮች ስምምነት፣ የካምፓላው፣ በ2012 ዓ.ም. በአገራችን ጸድቋል። እነዚህ ለሪፖርታችሁና ለፍርድ ቤት ናቸው። ኬላ ላይ ለቆመ ጎረምሳ አንቀጽ አትጥቀሱለት፤ ሰላም በሉት፣ ስሙን ጠይቁት፣ አለቃውን እንዲያገናኛችሁ ለምኑት።

የመጨረሻው ስለ ቅጥራችሁ ነው። ኢንተርቪው ላይ «ጥያቄ አለህ?» ሲሏችሁ ስለ አበል ብቻ አትጠይቁ። ፕሮጀክቱ ስንት ወር ነው? ሲዘጋ መዝገቡ የት ይሄዳል? ገበሬው ሌሊት ሲደውል ስልኩን የሚያነሳው ማን ነው? መልስ ከሌላቸው አትፈርሙ አልላችሁም፣ የቤት ኪራይ አለባችሁ። ግን ለሰውየው ስልካችሁን ስትሰጡት ውላችሁ የሚያልቅበትን ቀንም አብራችሁ ንገሩት። ከዚያ በኋላ የሚያነሳ ሰው እንደማይኖር አውቆ ቤቱን እንዲያሰናዳ።