ላይክ ሞልቷል፣ ስራ የለም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሀዋሳ ሀይቅ ዳር አካባቢ አነስ ያለች ፎቶ ቤት አለችኝ። ሰርግ፣ ምርቃት፣ ልደት፣ ክርስትና እሰራለሁ። ኢንስታግራም ከከፈትኩ ቆየሁ። ጀምበር ሀይቁ ላይ ስትጠልቅ፣ ወፎቹን፣ ጀልባዎቹን ስለጥፍ ላይኩ ይጎርፋል፣ ኮሜንቱም «ወይኔ ሀዋሳ!» ነው። ግን «ሰርጌን አንሳልኝ» ብሎ ኢንቦክስ የሚገባ የለም። ደንበኛ የማገኘው አሁንም በሰው በሰው ነው። ጓደኞቼ ፒንተረስትም፣ ፍሊከርም፣ ቲክቶክም ክፈት ይሉኛል። የቱ ላይ ልበርታ? ወይስ ጊዜዬን እያባከንኩ ነው?
ፎቶ አንሺው፣ ከሀዋሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጊዜህን አላባከንክም። ችግሩ የምትለጥፈውና የምትሸጠው ነገር አለመገናኘቱ ነው።

«ወይኔ ሀዋሳ!» ያለው ሰው የወደደው ሀይቁን ነው። ሀይቁ ደግሞ የሁላችንም ነው፤ ስልክ የያዘ ሁሉ አሞራ ገደል ወርዶ አባ ኮዳውንም ጉሬዛውንም አንስቶ ይመለሳል። ጥር ላይ የምትዳር ልጅ ገጽህን ስትከፍት የምትፈልገው ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብርሃን ሲያንስ ምን ያደርጋል? እናቴና አክስቶቼ ፎቶው ላይ ያምራሉ? አዳራሹ ውስጥ ያ ባለቀለም መብራት ሲበራ ፊታችን ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል? የጀምበር ፎቶ ለዚህ መልስ የለውም። ስለዚህ ላይክ ታደርግና ታልፋለች።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ገጹን አጸዳለሁ። የሀይቁን ፎቶዎች አትሰርዛቸው፣ ብዙዎቹን አርካይቭ (አንተ ብቻ የምታየው ማስቀመጫ) ውስጥ አስገባቸው። ሰው ገጽህን ሲከፍት ቀድመው የሚታዩት የላይኞቹ ጥቂት ፎቶዎች ናቸው፤ እነሱ ላይ ሰው ይኑር። ሙሽራ፣ ተመራቂ፣ የክርስትና ሕፃን። ሀይቁ ከኋላ ይምጣ።

ቀጥለህ አንድ ሰርግ ሙሉውን አሳይ። ይሄ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ጎበዝ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ከአስር ሰርግ አስር ምርጥ ፎቶ መርጦ መለጠፍ ጥሩ ይመስላል፣ ግን አንድ አሪፍ ፎቶ በአጋጣሚም ይወጣል። ደንበኛ ማወቅ የሚፈልገው ከጠዋት እስከ ማታ ሳትዝረከረክ መስራት መቻልህን ነው። ኢንስታግራም ከፈረንጆቹ 2024 ጀምሮ በአንድ ፖስት እስከ 20 ፎቶ ይቀበላል። ተጠቀምበት። ሙሽሪት ከቤት ከመውጣቷ በፊት የእናቷን ጉልበት ስትስም ጀምር፤ እናትየው አንገቷን ደፍታ፣ እጇ የልጇ ቬሎ ላይ አርፎ፣ የነጠላዋ ጥለት ወደ ፊት ወርዶ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከዚያ ሀይቁ ዳር፣ ከዚያ አዳራሽ፣ ከዚያ መልስ። አያትየዋ ጥግ ላይ ተቀምጣ የምትስቅበት ፎቶ ካለህ አትተዋት። ቤተሰብ ፎቶ አንሺ የሚመርጠው አንዳንዴ በእንደዚህ ዓይነቷ ፎቶ ነው።

ስለ ብርሃኑም አንድ ነገር ልበልህ፣ የሀዋሳ ፎቶ አንሺዎችን ስራ ስመለከት ሁሌም የሚያሳዝነኝ ነገር ስለሆነ። ቀትር ላይ ሙሽሮችን ሀይቁን ከኋላቸው አድርጎ ማንሳት አለ። ውሃው ያንጸባርቃል፣ ቬሎው ነጭ ነው፣ ካሜራው በዚያ ሁሉ ንጣት ይታለልና ፊታቸውን ያጠቁራል። ከዚያ ኤዲት ላይ ፊት ለማውጣት ሲባል ቆዳቸው አመድ ይሆናል፣ አንዳንዱም ጭራሽ ቀለማቸውን ያነጣዋል። እባክህ ይሄን አታድርግ። ወደ አመሻሽ ቅጠራቸው፣ ካልተቻለም ዛፍ ጥላ ስር አስገባቸውና የካሜራውን ብርሃን ለፊታቸው ለካ። ጠይም ልጅ ጠይም ሆና የምታምርበትን ፎቶ ከለጠፍክ የሰፈሩ ጠይም ሙሽራ ሁሉ አንተን ትፈልጋለች።

አሁን ደግሞ እንዴት እንደሚያገኙህ። ሀዋሳ ላይ የሚሰረግ ሰው ሁሉ የሀዋሳ ነዋሪ አይደለም። ከአዲስ አበባ ለፕሪ ዌዲንግ (ከሰርጉ በፊት ለሚነሱት ፎቶ) የሚመጣ አለ፣ ከውጭ አገር ሆኖ የሚያመቻች አለ። እነዚህ ፎቶ ቤትህ በር ላይ አይመጡም። ሪዞርቱን ወይም አዳራሹን ይመርጡና የዚያን ቦታ ሎኬሽን ከፍተው ሌሎች እዚያ የተነሱትን ያያሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ፖስት ላይ ቦታውን ታግ አድርግ፤ «ሀዋሳ» ብቻ ብለህ አትተወው፣ የሆቴሉን ወይም የመናፈሻውን ስም አስገባ። የዲኮርና የሜካፕ ባለሙያዋንም ታግ አድርጋት። ፎቶውን እሷም ገጿ ላይ ታጋራዋለች፣ የሷ ተከታዮች ደግሞ አብዛኞቹ ለሰርግ የሚዘጋጁ ልጆች ናቸው። ስምህ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ከስምህ ጎን «ሰርግ ፎቶ ሀዋሳ» ብለህ ጨምር፣ ኢንስታግራም ሰርች ሲደረግ እሱንም ያያልና። በላቲን ፊደልም ጻፈው፣ ብዙ ሰው የሚፈልገው በላቲን እየጻፈ ነው።

ካፕሽን ላይ ልብና አበባ ደርድረህ አትሂድ። «ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሀይቅ ዳር። ዝናብ ጀምሮ ስለነበር ፕሮግራሙን ወደ በረንዳው አዞርነው፤ ሙሽሮቹ ሃያ ፎቶ አድርሰው ወደ አዳራሽ ገቡ» ብትል አንባቢዋ ዝናብ ቢመጣ አንተ እንደማትደናገጥ ገባት ማለት ነው።

እና ዋጋ! «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚባለውን ነገር ተወው። እኔ በግሌ አልወደውም፣ ደንበኛም አይወደውም። እንደየሰው የምትጠራ ይመስላታል፣ ያፈረችው ደግሞ ሳትጠይቅህ ትሄዳለች። ሙሉውን ዝርዝር ማውጣት ካልፈለግክ «ከዚህ ብር ጀምሮ» በልና ምን ምን እንደሚጨምር ግለጽ፤ ስንት ሰዓት፣ ስንት የተስተካከለ ፎቶ፣ አልበሙ ምን ያህል ገጽ፣ በስንት ቀን ይደርሳል፣ ቀብዱ ስንት ነው። ይሄን ስቶሪ ላይ አድርገህ ሀይላይት ውስጥ አስቀምጠው። ስልክ ቁጥርህና የቴሌግራም ሊንክህ ባዮህ ላይ ይኑሩ።

ጊዜውንም አስብበት። የጥር ሙሽሮች ፎቶ አንሺ የሚያማርጡት ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው፣ የፋሲካ ማግስት ሙሽሮች ደግሞ ዐቢይ ጾም ላይ። በነዚያ ወራት የሰርግ ፎቶ አብዝተህ ልጠፍ። የዩኒቨርሲቲ ምርቃት ሲቃረብ ደግሞ ጋውን የለበሱ ልጆች ከላይ ይታዩ። ጥር ላይ ስራ በዝቶብህ ባትለጥፍ ችግር የለውም።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ፤ የቱ ላይ ልበርታ? ኢንስታግራም ላይ እና ቴሌግራም ላይ። ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፍተህ እያንዳንዱን ሰርግ በቅደም ተከተል አስቀምጥ፤ አንድ ሰው «ስራህን አሳየኝ» ሲልህ ሊንኩን ትልክለታለህ። ለደንበኛ ፎቶ ስታስረክብ ግን እንደ ፎቶ አትላከው፣ ጥራቱን ይቀንስብሃል። እንደ ፋይል ላከው፣ እንዳለ ይደርሳል፤ አንዱ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይችላል። የተጨመቀውን ወስደው አልበም ቢያሳትሙና ቢደበዝዝ የሚወቀሰው ያንተ ስራ ነው።

ፒንተረስት ሌላ ጥቅም አለው። ሙሽሮች «እንዲህ አድርገህ አንሳን» ብለው የሚያመጡት ፎቶ ብዙ ጊዜ ከዚያ የወረደ ነው፣ እና አብዛኛው የፈረንጅ ሰርግ ነው። የሐበሻ ቀሚስ፣ ካባ፣ የሲዳማ ባህላዊ ልብስ የለበሱ ሙሽሮችን እዚያ ብታስቀምጥ የሚፈልግ አለ፤ ፒንተረስት ላይ ደግሞ ፎቶ ቶሎ አይቀበርም፣ ከወራት በኋላም ሰርች ላይ ይወጣል። በወር አንዴ ጎራ ብለህ ብትሰቅል ይበቃል። ፍሊከር ከፈረንጆቹ 2004 ጀምሮ ያለ ነው፣ ፎቶ አንሺዎች እርስ በርስ የሚተያዩበት ጥሩ ቤት ነው፣ በነጻ ግን እስከ 1000 ፎቶ ብቻ ነው የሚያስቀምጥልህ። የሀይቁን ፎቶዎች እዚያ ውሰዳቸው። የሀዋሳ ሙሽራ ፍሊከር ላይ ፎቶ አንሺ አትፈልግም። ቲክቶክ ላይ ፊት ለፊት ማውራት ከወደድክ ግባበት፣ ካልወደድክ ይቅር።

ጥያቄ፦ እኔ የማነሳው ሕፃናትንና አራስ እናቶችን ነው፣ ታቦር አካባቢ። አንዳንድ ቤተሰብ ፎቶው እንዲለጠፍ አይፈልግም፣ አንዳንዱ ዝም ይላል፣ በኋላ ይቆጣል። በፊቼ ጨምበላላ በዓል ላይ፣ በዓሉ በሚከበርበት ጉዱማሌ ያነሳኋቸው አዛውንቶችም አሉ። የትኛውን መለጠፍ እችላለሁ?
እናት ፎቶግራፈር

መልስ፦ እህቴ፣ ዝምታ ፈቃድ አይደለም። ሕጉም ከቤተሰቦቹ ጋር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ አይችልም ይላል። ገጽሽ አደባባይ ነው።

ስለዚህ ቀብድ ስትቀበዪ ጠይቂ። ረጅም ውል አያስፈልግሽም፤ ደረሰኙ ላይ «ገጹ ላይ ይለጠፍ»፣ «ፊት ሳይታይ ይለጠፍ»፣ «አይለጠፍ» የሚሉ ሦስት ሳጥኖች አድርጊና ያስምሩልሽ፣ ይፈርሙልሽ። የመካከለኛዋ ሳጥን ብዙ ታተርፍልሻለች። የሕፃኑ እግር በአባቱ መዳፍ ላይ፣ እናትየዋ ከጀርባ በመስኮት ብርሃን፣ ትንሿ ጣት የአያትን አመልካች ጣት ጨብጣ። ማንነታቸው አይታወቅም፣ ያንቺ እጅ ግን ይታወቃል። ፈቅደው በኋላ ሐሳባቸውን ከቀየሩም ሳትከራከሪ አውርጂው። የአራስ ቤት ወሬ ፈጣን ነው፤ በዚህ የምታተርፊው ስም ከአንድ ፖስት ይበልጣል። የሕፃናት ሙሉ ስምና የሚማሩበትን ቦታ ደግሞ ወላጅ ቢፈቅድም አትጻፊ።

ፊቼ ጨምበላላ ሌላ ነው። በአደባባይ የሚከበር የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መዝግቦታል። ያው ሕግ ቀጥሎ በቁጥር 28 በአደባባይ የተከናወነን ሥነ ሥርዓት ማሳየት ፈቃድ እንደማያስፈልገው ይናገራል። በዓሉን ብታሳዪ ማንም አይከለክልሽም። ግን የአንድን አዛውንት ፊት ብቻ ወስደሽ «ፎቶ በቅናሽ» የሚል ማስታወቂያ ላይ ብትለጥፊ እሱ በዓሉን ማሳየት አይደለም። ሄደሽ ጠይቂያቸው። ፎቶውን አሳትመሽ ብትሰጪያቸው ደግሞ ደስ ይላቸዋል፣ ይመርቁሻልም።

ጥያቄ፦ አዳማ ነኝ። እኔ ያነሳሁትን ሰርግ ሌላ ፎቶ ቤት ሎጎዬን ቆርጦ የራሱ አስመስሎ ለጠፈው። ምን ላድርግ?
የተናደደው

መልስ፦ ንዴትህ ይገባኛል፣ ግን ኮሜንት ላይ ገብተህ አትሳደብ፤ ደንበኛ የሚያየው ሁለት የሚጣሉ ፎቶ ቤቶችን ነው። መጀመሪያ ስክሪንሾት አንሳ፣ ቀኑና የገጹ ስም እንዲታይ አድርገህ። ከዚያ በግል ጻፍለት፣ «ይሄ የኔ ስራ ነው፣ እስከ ነገ አውርደው» በለው። ካላወረደ ኢንስታግራም የቅጂ መብት ሪፖርት የሚደረግበት ፎርም አለው፣ ሙላው። ማስረጃህ ከካሜራው የወጣው ኦሪጅናል ፋይል ነው፣ ሮው (ካሜራው ያስቀመጠው ያልተነካካ ጥሬ ፋይል) ካለህ ደግሞ የበለጠ። ኢንስታግራም ላይ ከተለጠፈው አውርዶ የወሰደ ሰው እሱ አይኖረውም፤ ስለዚህ ሰርግ አስረከብኩ ብለህ ፋይሎችህን አታጥፋ፣ ሃርድ ዲስክ ግዛና አስቀምጥ።

አገራችን ላይ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መስፈርቱን ያሟላ ፎቶግራፍን (ለምሳሌ የአንሺው ስምና አድራሻ ያለበትን) ይጠብቃል፣ ፎቶው ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት፤ ሳታስመዘግበውም ቢሆን። በሌሎች ስም ተቀጥረህ ያነሳኸው ከሆነ ግን መብቱ የቀጣሪው ሊሆን ስለሚችል ውልህን መልሰህ አንብብ። ሎጎህን ደግሞ ከእንግዲህ ጥግ ላይ አታድርገው፤ በአንድ ክሮፕ ይሄዳል። የሙሽሮቹ ልብስ ላይ ወይም ወገባቸው አካባቢ፣ ትንሽና ደብዘዝ ያለ ይሁን። መሃል ፊታቸው ላይ የምትጭነው ከሆነ ግን ሙሽሮቹም አያጋሩልህም።