ያገለገለ ሸራ ለትንሽ ጀልባ፦ ጥያቄና መልስ

ሸራ ሰፊው፦ ያገለገለ ሸራ ገዝታችሁ ለጀልባችሁ አልሆን ያላችሁ ዛሬ ጠይቁ። ልኩን ግን አብራችሁ ጻፉ፤ የፊት ጠርዝ (ምሰሶው ላይ የሚያያዘው)፣ የኋላ ጠርዝ (ከኋላ ነፃ የሚሆነው)፣ የታች ጠርዝ፣ የምሰሶው ቁመት። ደግሞ ምሰሶ ላይ ሰቅላችሁ ሳታዩ መቀስ አታንሱ።

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ ሸራዬ ትልቅ ሆነብኝ። ምን ይሻለኛል?

ሸራ ሰፊው፦ የቱ ጠርዝ? በስንት?

ቀይ ጀልባ፦ የሸራው የፊት ጠርዝ 4.50 ሜትር ነው፤ ምሰሶዬ የሚይዘው 4.05 ብቻ። ከላይ ልቁረጥ ከታች?

ሸራ ሰፊው፦ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። ከታች ቁረጥ። ከላይ ከቆረጥክ የላይኛው ማዕዘን ማጠናከሪያና ቀለበት ይሄዳል፣ ጫፉም ደንዝ ሆኖ ይቀራል። ከታች ሲሆን የላይኛው ክፍል ቅርጹን እንደያዘ ይቆያል። አንድ ነገር ግን አስላ፤ ቁመቱን አንድ አስረኛ ስትቀንስ ወርዱም አብሮ ይጠባል፣ ስለዚህ ከጠቅላላው የሸራ ስፋት (በካሬ ሜትር) የምታጣው ወደ አንድ አምስተኛ ይጠጋል።

ሸራውን ስቀል፣ ወጥር፣ አዲሱን መስመር እዚያው እንደተሰቀለ በእርሳስ አስምር። ለቅምቅማት 3 ሴ.ሜ ተው። የታችኞቹን ሁለት ማዕዘኖች እንደ አዲስ ማጠናከር አለብህ፤ ሦስት አራት ድርብ ጨርቅ፣ መጠናቸው እየተበላለጠ፣ የክራቸው አቅጣጫ ከሸራው ክር ጋር የገጠመ። ጨርቁን ከቆረጥከው ቁራጭ ታገኘዋለህ። ዳክሮን፣ ማለትም የፖሊስተር የሸራ ጨርቅ፣ በመቀስ ከተቆረጠ ይተረተራል፤ በጋለ ስለት ቁረጠው፣ ጠርዙ ቀልጦ ይዘጋል።

ባለ መቀስ፦ እኔ ከኋላ ጠርዝ 20 ሴ.ሜ ቆርጬ ነው ያስተካከልኩት። ጀልባዬ በደንብ ይሄዳል።

ሸራ ሰፊው፦ መሄዱማ አንሶላም ብትሰቅልበት ይሄዳል። የኋላ ጠርዝ አይነካም! በአብዛኞቹ የትንሽ ጀልባ ሸራዎች የጨርቁ ጠንካራ ክር ከኋላ ጠርዝ ጋር ጎን ለጎን ይወርዳል፤ ዋናው ጭነት ያለው እዚያ ነው። አቅጣጫውን ስታዛባው ጠርዙ በሰያፍ ክር ላይ ይወድቃል፣ ይለጠጣል፣ መርገብገብ ይጀምራል። የኋላ ጠርዙን ቀጥ አድርገው የሚይዙት ዘንጎች የሚገቡባቸውን ኪሶችስ ምን አደረግካቸው?

ባለ መቀስ፦ አወጣኋቸው። ሸራዬ ግን አይርገበገብም።

ነፋሱ፦ በለቀቅከው ቪዲዮ ላይ ድምፁ ይሰማል እኮ ወንድሜ።

ባለ መቀስ፦ እሱ የባንዲራው ድምፅ ነው።

ነፋሱ፦ ቪዲዮው ላይ ባንዲራ የለም።

ሸራ ሰፊው፦ ይብቃችሁ። የሚቀጥለው።

ማዕበል፦ የቤት ስፌት መኪና ይሰፋዋል?

ሸራ ሰፊው፦ ዚግዛግ ካለው ይሰፋል። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር ይበሰብሳል። መርፌ 16 ወይም 18። ስፌቱን በስፒል ሳይሆን በሁለት በኩል በሚያጣብቅ ፕላስተር ያዘው። ማዕዘኖቹን መኪናው እምቢ ካለህ በእጅ ስፋ።

እንጨት ምሰሶ፦ ሸራዬ ከሚታጠፍ የአልሙኒየም ምሰሶ የመጣ ነው። የእኔ ምሰሶ ደረቅ እንጨት ነው፣ አይታጠፍም። ችግር አለው?

ሸራ ሰፊው፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሰው ሁሉ ቁመትና ወርድ ለክቶ ይጨርስና የፊት ጠርዙን ቅርጽ ይረሳዋል። ያ ጠርዝ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ወደ ፊት ወጣ ብሎ ነው የሚቆረጠው። ምሰሶው ሲታጠፍ ያንን ትርፍ ጨርቅ ይወስደዋል፣ ካልታጠፈ ትርፉ ወደ ኋላ ተገፍቶ የሸራው ሆድ ይሆናል። ትንሽ ሆድ ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ሸራው አይጎትትም። ሲበዛ ግን ነፋስ በጠነከረ ቁጥር ጀልባዋ ትጋደማለች እንጂ ወደ ፊት አትሄድም።

ሸራውን መሬት ላይ ዘርጋ። ከላይኛው ማዕዘን እስከ ፊት ታች ማዕዘኑ ሲባጎ ወጥርና ከሲባጎው ፊት የወጣውን ጨርቅ መሃል ላይ ለካ። ቀጥሎ ምሰሶውን እንደምትነዳው ወጥረህ መታጠፉን በዚያው መንገድ ለካ። ጨርቁ 8 ሴ.ሜ ወጥቶ ምሰሶህ 2 ብቻ ከታጠፈ 6ቱ ሆድ ውስጥ ይገባል፤ ለትንሽ ጀልባ ሸራ ብዙ ነው። የፊት ጠርዙ ላይ የተሰፋውን ገመድ ፍታና ከወጣው ጨርቅ ጥቂት ጥቂት ቀንስ። በአንዴ አትጨርሰው። ቀንስ፣ ስቀል፣ እይ።

ተቃራኒውም አለ። ምሰሶው ሸራው ከሚፈቅደው በላይ ከታጠፈ ከኋላ ታች ማዕዘን ወደ ምሰሶው መሃል የሚሮጡ ሰያፍ ሽብሽቦች ታያለህ።

ሰማያዊ፦ አዲሱን ሸራ ከሰቀልኩ በኋላ ጀልባዬ ወደ ነፋሱ እየዞረች አስቸገረችኝ።

ሸራ ሰፊው፦ የሸራው የግፊት ማዕከል ወደ ኋላ ሄዷል። አሮጌውንና አዲሱን በልክ አድርገህ ወረቀት ላይ ሳል፤ ከእያንዳንዱ ማዕዘን እስከ ትይዩው ጠርዝ አጋማሽ መስመር ስትስብ የሚገናኙበት ነጥብ ማዕከሉ ነው። የአዲሱ ነጥብ ከአሮጌው ኋላ ከሆነ ምሰሶውን ወደ ፊት አቅና፤ ፊት ከሆነ ወደ ኋላ አዘንብል። ኢልካ የምትባለውን የአንድ ሰው የውድድር ጀልባ ተመልከቱ፤ አንዱ የጀልባ አካል 7.06፣ 5.76 ወይም 4.7 ካሬ ሜትር ሸራ ይይዛል። ለትንሹ ሸራ የሚሠራው የምሰሶው የታችኛው ክፍል ሆን ተብሎ ወደ ኋላ ታጥፏል፤ ያለዚያ ማዕከሉ ወደ ፊት ይሸሽ ነበር።

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ ሸራዬ ትንሽ ትልቅ ነው ብዬ ጠይቄ ነበር...

ሸራ ሰፊው፦ ልክህን ጻፍ ብዬህ ነበር።

ማዕበል፦ በላስቲክ ሸራ መስፋትስ?

ሸራ ሰፊው፦ ስለ ዳክሮን ነው የምናወራው።

ነፋሱ፦ ለመለማመጃ ግን አይከፋም፣ ርካሽ ነው።

ባለ መቀስ፦ ቅርጽ አይዝም፣ ይለጠጣል።

ነፋሱ፦ ይህን የሚለው የኋላ ጠርዝ የቆረጠው ሰው ነው!

ቀይ ጀልባ፦ ጋሼ፣ ከመቁረጤ በፊት ጨርቁ ለልፋቴ የሚበቃ መሆኑን በምን ልወቅ?

ሸራ ሰፊው፦ ፀሐይ መጀመሪያ የምትገድለው ክሩን ነው። ስፌቱን በጥፍርህ ፋቅ፤ ክሩ ከተበጠሰ ሙሉ ስፌቱ ይደገማል፣ ያ ግን ይቻላል። ቀጥሎ የሚቆረጠውን ክፍል ጫፍ በእጅህ ቅደድ። እንደ ወረቀት ከተቀደደ ጨርቁ ሞቷል፤ ጊዜህን አታጥፋ።

ሰማያዊ፦ ለማጠብስ መኪና ውስጥ ባስገባው?

ሸራ ሰፊው፦ አይገባም። ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሳሙና በእጅ እጠበው፣ በረኪና አታስነካው፣ ጥላ ውስጥ አድርቀው።