የጀልባ ምሰሶ የማጠብ ሥራ የት ያደርሰኛል?

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በብረታ ብረት ሥራ ዲፕሎማ ይዘሽ አንድ የሸራ ጀልባዎች መጠገኛ ለብርዱ ወራት ሊቀጥርሽ እንደሆነ፣ ሥራውም ከጀልባ የወረዱ ምሰሶዎችን አጥቦ፣ ደግፈው የሚያቆሟቸውን የሽቦ ገመዶች ፈትቶ እስከ ፀደይ ማስቀመጥ መሆኑን ጽፈሻል። «ተምሬ ለጉልበት ሥራ ልግባ?» ነው ጥያቄሽ። እኔ ግቢ ባይ ነኝ።

ምሰሶው ቆሞ ሳለ ጫፉን ለማየት ተንጠልጥሎ መውጣት ግድ ነው፤ ተንጠልጥሎ ደግሞ ተረጋግቶ መመርመር ይከብዳል። በብርዱ ወቅት ግን ምሰሶው ወርዶ መደገፊያ ላይ ይጋደማል፤ እያንዳንዱን ፒንና ፑሊ በእጅሽ ትዳስሻለሽ። የጀልባ ምሰሶና ሽቦ የሚገጥምና የሚጠግን ባለሙያ ዋጋው ሽቦ በመወጠሩ ብቻ አይለካም፤ ሊበጠስ ያለውን ሽቦ ሳይበጠስ በመለየቱ ነው። እሱን መማር የሚቻለው ደግሞ አሁን፣ ምሰሶው መሬት ላይ ሳለ ነው።

ሽቦው ተጨምቆ የገባበትን የብረት ጫፍ እንይ። ብዙውን ጊዜ ሽቦው ከ19 ክሮች የተገመደ ነው። የታችኛው ጫፍ አፉ ወደ ላይ ስለሆነ ጨዋማ ውሃ ይገባበትና እዚያው ይተኛል። ጨውን በንጹሕ ውሃ አጥበሽ ካደረቅሽ በኋላ በአጉሊ መነጽር ተመልከቺው፤ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወይም ከውስጥ የሚፈስ ቡናማ ዝገት ካለ ያ ጫፍ አብቅቶለታል። ከዚያ ጓንት አድርገሽ ጨርቅ በሽቦው ላይ አንሸራትቺ፤ ጨርቁ ከተጠለፈ የተበጠሰ ክር አለ። አንድም ክር ቢሆን ሽቦው ይቀየራል።

ዲፕሎማሽ የሚጠቅምሽም እዚህ ጋ ነው። የማይዝግ ብረት ከአሉሚኒየም ጋር በጨዋማ እርጥበት ሲነካካ የሚበላው አሉሚኒየሙ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ሽቦዎቹን ከምሰሶው ጋር አጣብቀሽ አታስሪም። የማይዝግ ብረት መከላከያ ሽፋኑን የሚያድሰው በአየር መሆኑንም ተምረሻል፤ እርጥቡን በፕላስቲክ ጥቅልል አድርጎ ማስቀመጥ ጉዳት ነው። ሌላው ሰው በትእዛዝ የሚሠራውን አንቺ ምክንያቱን አውቀሽ ትሠሪዋለሽ፤ አሠሪም ይህን ቶሎ ያያል።

ልማድ አድርገሽ የምትይዣቸው ነገሮችም አሉ። የሽቦውን ውጥረት የሚያስተካክለውን ማጥበቂያ ቪት ከመፍታትሽ በፊት ከውጭ የሚታየውን የቪቱን ጥርስ ርዝመት ለክተሽ ጻፊ፤ እያንዳንዱ ሽቦ የፊት፣ የኋላ፣ የግራ ወይም የቀኝ መሆኑን ምልክት አድርጊበት። ምሰሶው ውስጥ የቀረ ውሃ በብርዱ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ክፍት መሆናቸውን አረጋግጪ። ያገኘሽውን ጉድለት ሁሉ ከፎቶው ጋር መዝግቢ። በኋላ ሥራ ስታመለክቺ «ምሰሶ አጥቤአለሁ» ከማለት ይልቅ ምን መርምረሽ ምን እንዳገኘሽ የምትጽፊው ከዚያ መዝገብ ነው።

የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው፦ ውል ከመፈረምሽ በፊት ምርመራውን ማን እንደሚሠራ ጠይቂ። ነባሩ ባለሙያ ብቻውን መርምሮ አንቺ ውሃና ብሩሽ ብቻ የምትይዢ ከሆነ ያን ጊዜ ጥርጣሬሽ ልክ ነው፤ ሌላ ቦታ ፈልጊ። ከጎኑ ቆመሽ እንድታዪ፣ በፀደይም ምሰሶዎቹ ተመልሰው ሲቆሙና ሽቦዎቹ ሲወጠሩ እንድትኖሪ ጠይቂ፤ የብርዱ ወራት ብቻ ከሆነ ሙያውን ግማሹን ነው የምታዪው። ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጊው፤ መልሳቸው ሲመጣ ላኪልኝና ውሉን አብረን እናየዋለን።