ስለ አይፔ እንጨት፦ ለጠየቁን ወንድማችን

ለጓሮ በረንዳ የሚሆን የአይፔ ሳንቃ ሊገዙ አስበው፣ በተለመደው መጋዝና ቪቴ ይሠራ እንደሆነ፣ ቀለም መቀባትስ ያስፈልገው እንደሆነ ለጠየቁን ወንድማችን፣ እዚህ ሜሪላንድ በአናጺነት ስሠራ ያየሁትን ላካፍልዎ።

አይፔ በአብዛኛው ከብራዚል የሚመጣ፣ አዲስ አበባን ሐምራዊ ከሚያለብሳት ከጃካራንዳ ጋር የአንድ ቤተሰብ ዛፍ ነው። ዝምድናቸው ግን ከአበባ አያልፍም፤ የአይፔ 1 ሜትር ኩብ ደረቅ እንጨት ወደ 1,100 ኪሎ ግራም ስለሚጠጋ፣ ቁራጩን ባልዲ ውሃ ውስጥ ቢጥሉት አብዛኛውን ጊዜ ይሰጥማል። እጁን በዋንዛ ያፍታታ አናጺ መጀመሪያ ላይ ብረት የሚቆርጥ ይመስለዋል። እኔም በመጀመሪያው ሥራዬ ቀድሜ ሳልበሳ ቪቴ ላስገባ ብዬ፣ የብዙዎቹ አንገት እየተቆረጠ ጭንቅላታቸው ተነቅሎ ቀረ፤ ሳንቃዎቹም ጫፍ ጫፋቸው ላይ ተሰነጠቁ። ስለዚህ እያንዳንዱን ቀዳዳ አስቀድመው ይብሱ፤ ቪቴውም ከማይዝግ ብረት የተሠራ ይሁን፣ ተራው ዝጎ እንጨቱን ያጠቁረዋልና። የመጋዙ ጥርስ ካርባይድ ከሚባለው እጅግ ጠንካራ ቁስ ካልሆነ ቶሎ ይደንዛል፤ መሰርሰሪያም ከአንድ በላይ ይያዙ። ቃጫው እርስ በርሱ የተጠላለፈ በመሆኑ ሲላግ የመቦጨቅ ጠባይ አለው፤ በአንድ ጊዜ ጥቂት ጥቂት መላግ ይሻላል። የተቆረጠውን ጫፍ በዚያው ቀን ሰም ቢቀቡት አይሰነጠቅም ባልልም መሰንጠቁ በእጅጉ ይቀንሳል።

ሰዎች የሚንቁት ብናኙን ነው። በእንጨቱ ውስጥ ላፓኮል የሚባል ቢጫ ንጥረ ነገር ስላለ ብናኙ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ልብስ ላይ ይቀመጣል፤ ቆዳንና የመተንፈሻ አካልንም ያስቆጣል። ጭምብልና ረጅም እጅጌ ሳይለብሱ አይጀምሩ።

ከመክፈልዎ በፊት ሻጩን ስለ እንጨቱ ምንጭ ይጠይቁት። የአይፔ ዝርያዎች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከኅዳር 2024 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ስለገቡ፣ ድንበር ሲሻገሩ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል።

ቀለምን በተመለከተ፣ እንጨቱ ጥቅጥቅ ያለና ቅባታማ በመሆኑ ቀለም በላዩ አይዘልቅም፣ ይላጣል። ቡናማ መልኩን ከወደዱት ቀጭን ዘይት ይቀቡትና ያልገባውን ትርፍ በጨርቅ ይጥረጉ፤ ይህንንም በየዓመቱ ይደግሙታል። ካልቀቡት ፀሐይና ዝናብ ወደ ግራጫ ይለውጡታል፤ ጥንካሬው ግን አይነካም። የራሴን በረንዳ ሳልቀባ ትቼዋለሁ።